የራሴን ለቅሶ የደረስኩ ዕለት

እንቅልፍ ሲታደል እኔ ሁለት ጊዜ ሳልሰለፍ አልቀረሁም። በልጅነቴ ወፍጮ ቤት እህል ላስፈጭ ሄጄ ጆንያ ላይ ተኝቼ ቀርቼ፣ ቤተሰቡ በየጓሮው ሲፈልገኝ ውሏል። ከተዳርኩም በኋላ አልተሻለኝም። ባለቤቴ ዶባሞ ሆሳዕና በሚገኝ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሲማር፣ የስብከት ልምምዱን የሚያሰማው ለእኔ ነበር። እኔ ከመግቢያው አልፌ አላውቅም። ሲጨርስ ቀስ ብሎ ይቀሰቅሰኝና "እንዴት ነበር?" ይለኛል። "መልካም ነው፤ ትንሽ ረዘመ" እለዋለሁ። መምህሮቹም የሚሉት ይህንኑ ስለነበረ አንድም ቀን አልተጣላንም።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ባለትዳር ተማሪ ከነቤተሰቡ ነበር የሚገባው። በግቢው ዳር ለየቤተሰቡ አንዳንድ የሣር ጎጆ ተሰጥቶን፣ ቆጮውንና በቆሎውን የላኩን የአገራችን ምእመናን እያዋጡ ይልኩልን ነበር። ወንዶቹ ጠዋት ይማራሉ፤ እኛ ሚስቶቻቸው ከሰዓት በኋላ ማንበብ፣ ስፌትና የልጅ አያያዝ እንማራለን። የምታስተምረን ፈረንጅ የመጠጥ ውኃ እንድናፈላ አዘዘችን። አማቴ ልትጠይቀን መጥታ ምድጃው ላይ ውኃ ብቻ ሲንተከተክ ብታይ፣ ልጇ የሚበላው አጥቶ ውኃ እየተቀቀለለት ነው ብላ ዕንባዋ መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጭነት ቆጮ ላከችልን፤ እኛም አላስተባበልንም።

እኔ በዚያ ግቢ ፊደል ቆጠርኩ፤ ከእናቴ ወገን ከሴት የመጀመሪያዋ ነኝ፤ እስከ ዛሬም ያኮራኛል። ዶባሞ ደግሞ ብዙ ነገር ተማረ። አንድ ነገር ግን ሳይማር ነው የገባው፣ ሳይማርም ነው የወጣው፤ ማጋነን አይችልም። ከመግባታችን በፊት አንድ በሬ ሊሸጥ ገበያ ሄዶ ነበር። ለመጣው ገዢ ሁሉ "ይህ በሬ ሞፈር ይሰብራል፣ ደግሞ ይዋጋል" ሲል ውሎ በሬውን ይዞ ተመለሰ። እንግዲህ ወንጌላዊ የሆነው ይህ ሰው ነው።

ትምህርቱ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከሙዱላ ወዲያ፣ ጠምባሮ ቆላ ውስጥ ወዳለ አንድ መንደር መደቡን። አዲስ ቤተ ክርስቲያን መጀመር አለብን፤ እዚያ እስከዚያ ቀን አንድም አማኝ የለም። ዶባሞ አስቀድሞ ብቻውን ሄዶ የመንደሩን ጭቃ ሹም አቶ ሄራሞን አነጋግሮ ነበር። ሰውየው አብልቶ አጠጥቶ ካስተናገደው በኋላ ቁርጡን ነገረው። ለመንገደኛ ማደሪያ አይጠፋም፤ ነገር ግን በዚያ መንደር ወገን የሌለው ሰው ምሰሶ አይተክልም። ከፈለገ ከነቤተሰቡ ይምጣና ሰዉ ይየው፤ ሰዉ እንቢ ካለ በመጣበት ይመለሳል። ሽማግሌዎቹም ይህን ሰምተው፣ መንደሩ ካልተቀበለን ሌላ ሰው ወደ ሌላ ቦታ እንደሚልኩ ነገሩን። እኛ ደግሞ ያለችንን ጠባብ መሬት ለወንድሙ ለቀን ወጥተናል። መመለስ ማለት የሰው ቤት ጥገኛ መሆን ነው። እንቢ ቢሉንስ ስለው፣ ዶባሞ "እግዚአብሔር ያውቃል" ይላል። ያውቃል እንጂ፣ ለእኔ አልነገረኝም።

ዕቃ ስቋጥር ስፈታ በቂ እንቅልፍ ሳላገኝ ተነሳን። ዶባሞ፣ እኔ፣ ልጃችን ሩት፣ የመጻሕፍት ሣጥን የተጫነች አንዲት አህያ። ሺንሺቾ ደርሰን አማኞች ቤት አደርን። በማግስቱ ጠዋት ገና ከከተማው ሳንርቅ ወንዝ ስሻገር ድንጋይ አዳለጠኝና ቁርጭምጭሚቴ ተጣመመ። ለመቆም ብሞክር ዓይኔ ጨለመብኝ። የሚሸኙን አራት የሺንሺቾ ወንድሞች ሁለት እንጨት ቆርጠው፣ ገመድ ጠልፈው ቃሬዛ ሠሩልኝ። "እግሬ ቢታመምም አፌ ደህና ነው፣ እንዲሁ ደግፋችሁ ውሰዱኝ" ብል ማን ሰምቶኝ። አጋደሙኝ። ፀሐዩ ፊቴን ሲያቃጥለኝ ቡልኮውን እስከ ራሴ ሳብኩት። ቃሬዛው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ እንደ አንቀልባ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ ተኛሁ።

እዚህ ላይ አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ሁለት ነገር ማስረዳት አለብኝ። በዚያን ጊዜ ሐኪም ቤት የሚባለው ወደ ሆሳዕና በኩል ነበር። ስለዚህ ወደ ላይ የሚወጣ ቃሬዛ በሽተኛ የያዘ ነው። ወደ ታች የሚመለስ፣ ያውም ከራስ እስከ እግር የተሸፈነ ከሆነ ግን፣ የያዘው ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ መንገድ ላይ ቃሬዛ ያገኘ ወንድ ሁሉ ትከሻውን መስጠት አለበት። ያልደከመው ከደከመው ይቀበላል። ሲቀበልም ማን እንደሆነና በምን እንደሞተ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። አንገቱን ደፍቶ ይሸከማል።

ከዚህ የሚቀጥለውን በኋላ የነገረኝ አቶ ከድር የሚባል ጨውና ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው። ከትናንቱ የሺንሺቾ ገበያ አድረው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሰዎች ከኋላችን ደርሰው፣ ቃሬዛውን ሲያዩ በየተራ ትከሻ ሰጡ። አቶ ከድርም በቅሎውን ለጓደኛው ሰጥቶ አንዱን ጫፍ ያዘ። በዚያው መካከል አህያችን መንገድ ላይ ተኛችና አልነሳም አለች። የሺንሺቾ ወንድሞች ሊረዱ ወደ ዶባሞ ሲመለሱ ለተረካቢዎቹ "ወደ ጭቃ ሹም ሄራሞ መንደር ነው" ከማለት በቀር ምንም አልተናገሩም። ምን ይናገሩ? እነሱ የተሸከሙት እግሯ የታመመች ሴት ነው። ተረካቢዎቹ ግን የተቀበሉት ሬሳ ነው። ወደ ቤቱ የሚገሰግስ የገበያ ሰው ደግሞ ይፈጥናል። ዶባሞ አህያዋን እስኪያስነሳ እኔ ተራራውን አልፌአለሁ። አቶ ከድር መንገዱን ሙሉ ለነፍሴ ሲጸልይልኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ስንደርስ አንዲት አረም የምታርም ሴት አየችን። እጇን ራሷ ላይ ጭና ጮኸች። ተሸካሚዎቹ ሴትዮዋ ያወቀች መሰላቸው፤ ሴትዮዋ እነሱ የሚያውቁ መሰላት። ጩኸቱ ከጓሮ ጓሮ ወረደ። በእኛ አገር ጩኸት የሰማ ሰው መጀመሪያ ወጥቶ ያለቅሳል፣ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠይቃል። ቆሞ መጠየቅ የጨካኝ ነው። እዚያ መንደር ደግሞ ወደ ላይ አገር የሄደ ሰው የሌለው ቤት አልነበረም፤ አንጋጫ የተዳረች አለች፣ ዳምቦያ ሥራ የገባ አለ። ስለዚህ ሁሉም የራሱን አለቀሰ። ቃሬዛውን በጭቃ ሹሙ ደጅ ካለው መስክ አስቀምጠው መንደሩ በሙሉ ከበበኝ።

የነቃሁት በዚህ ጊዜ ነው። ነቃሁ ስል ግማሽ በግማሽ ነው። ጨለማ ነው፣ ቡልኮው ፊቴ ላይ ነው፣ እግሬ ይጠዘጥዘኛል፣ በዙሪያዬ ለቅሶ ቀልጧል። እናቴ የዳምቦያ ከምባታ ስለሆነች የመንደሩን ቋንቋ እሰማለሁ። አንዲት አሮጊት "ልጄን" ትላለች። አንድ ወንድ በወፍራም ድምፅ "እህቴን" ይላል። ሌላዋ "አክስቴን"፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ "ምራቴን"። አንድ ቤተሰብ እንዳለ ያለቀ መሰለኝ። ቤት ተቃጥሎ ነው? ጎርፍ ነው? ደግሞስ ገና ከመድረሳችን እንዲህ ያለ መዓት በወረደበት አገር ማን ቦታ ይሰጠናል?

እናቴ በወጉ ነው ያሳደገችኝ። ለቅሶ ላይ ዝም ብሎ አይተኛም። ማን እንደሞተ ባላውቅም እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። ቡልኮው ውስጥ ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ፤ ያችን "ልጄን" የምትለዋን አሮጊት ተከትዬ "ወይኔ ልጅሽን" እላታለሁ። አጠገቤ ያለው ለቅሶ ትንሽ ቀነስ ያለ መሰለኝ። እኔ ጨመርኩ። ከዚያም የሟቾቹን ስም ልጠይቅ ብዬ ቡልኮውን ገልጬ ቁጭ አልኩ።

ያን ሁሉ ሕዝብ እንዲያ ሲበተን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። አንድ ጎረምሳ ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ። በወፍራም ድምፅ ያለቅስ የነበረው ሰው ከአጥሩ ማዶ ባርኔጣው ብቻ ይታያል። መስኩ ላይ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አቶ ከድር ነው፤ እግሩ ከቃሬዛው ገመድ ተጠላልፎ እንጂ ወዶ አልቀረም። ሁለተኛዋ ፊቷ በጥፍር የተቧጨረ አሮጊት ናት፤ አማ ወርቄ ይሏታል። አማ ማለት በከምባታም በሀዲያም እናት ነው። ጉልበቷ አያስሮጥም። አትኩራ አየችኝ።

"አንቺ ማን ነሽ?" አለች።

"ታደለች ነኝ አማ፣ የዶባሞ ሚስት። ማን ነው የሞተው?"

"አንቺ ነሽ" አለች።

ክው አልኩ። ለአፍታ እውነት ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስቤአለሁ። እግሬን ነካ ሳደርገው ግን አመመኝ፤ የሞተ ሰው እግሩን አያመውም ብዬ ተጽናናሁ።

ሕዝቡ ቀስ በቀስ መመለስ ጀመረ። ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ሴቶቹ ተንበረከኩ። አንዲት እናት የሚያስለውን ልጇን አምጥታ እጄን ደረቱ ላይ አስቀመጠች። ከአጥሩ ማዶ የነበረው ባርኔጣ ወጣ፤ ባለቤቱ ጭቃ ሹም ሄራሞ ነው። ፊቴ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔም "ኧረ ይልበሱት" አልኩ።

ዶባሞ የደረሰው በዚህ መካከል ነው። ለቅሶውን ከጉብታው ሰምቶ፣ አህያዋን ለሺንሺቾ ወንድሞች ትቶ ሩትን አዝሎ ሮጧል። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው "ሚስትህ ሞታ ተነሳች" ብሎታል። የመጀመሪያዋን ቃል ሲሰማ ሁለተኛዋን አልሰማም መሰለኝ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ቁጭ ብዬ ሲያየኝ አጠገቤ ተንበርክኮ አለቀሰ። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። በውስጤ፣ ለካ ይህ ሰው ይወደኛል አልኩ።

ጭቃ ሹሙ ጠበቀው። ከዚያም ሰዉ እየሰማ፣ "አምላክህ ይህን የሚያደርግ ከሆነ የፈለግከውን ቦታ ምረጥ። ነገ ምሰሶው ይቆማል፤ እኛም እንመጣለን" አለው።

እስቲ አስቡት። የተማርንለት፣ ጎጆ ለጎጆ የተንከራተትንለት፣ መሬታችንን የለቀቅንለት ነገር በአንድ ቃል መጣ። ከሺንሺቾ ወንድሞች ፈጥኖ የደረሰው ወደ ዶባሞ ጆሮ ጠጋ ብሎ "ዝም በል፤ ዝም ማለት ውሸት አይደለም" አለው። እኔም ሰማሁ። ዶባሞ እኔን አየኝ። እኔ ያየሁት በሬውን ነው። ያ በሬ ተመልሶ ወደ ቤት ሊመጣ እንደሆነ አወቅሁ።

ዶባሞ ተነሳና፣ "ባለቤቴ አልሞተችም ነበር። እግሯ ታሞ ነው ያሸከምኳት፤ እንቅልፍ ወስዷት ነው። እግዚአብሔር ሙት ማስነሳት ይችላል፤ ይህ ግን እሱ አይደለም" አለ። በሕይወቱ ከሰበከው ሁሉ አጭሩ ስብከት ነው።

ማንም አላመነውም። ጭቃ ሹሙማ ተቆጣ። ተራራ ለተራራ ተሸክመዋት፣ መንደር ሙሉ ጮሆባት ያልነቃች ሴት ተኝታ ነበር ይባላል? ሰው እንዲህ ይተኛል? ዶባሞ ላብ አጠመቀው። ስብከቱን ሲለማመድ እንዴት እንደምተኛ በሰው ፊት መዘርዘር ጀመረ፤ ከራሱ ክብር አንድ እፍኝ እንኳ ሳያስቀር። እኔም እንቅልፌ ከባድ እንደሆነ በእግዚአብሔር ስም ማልሁ። ሰዉ ግን ይህን ያህል ያለቀሰበትን ተአምር እንዲሁ ሊለቅ አልፈለገም።

ያኔ አቶ ከድር ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ እስላም ነኝ፤ በዚህ ነገር ውስጥ ጥቅም የለኝም" አለ። "ግን ከጉብታው ወዲያ ጀምሮ አንድ ሰው ሲያንኮራፋ እሰማ ነበር። ከኋላዬ ያለው ተሸካሚ መስሎኝ፣ ቆሞ እየሄደ የሚተኛ ሰው ብዬ ስገረም ነው የመጣሁት።"

ከኋላው የነበረው ሰው ደግሞ "እኔ አንተ መስለኸኝ!" አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ጎረምሳ ነው። ከዚያ መስኩ በሙሉ ሳቀ። ሴቶቹ እየሳቁ ዕንባቸውን ይጠርጋሉ፤ የቱ የለቅሶ የቱ የሳቅ እንደሆነ አይለይም። እኔ ቡልኮውን መልሼ ልከናነብ ቃጣኝ።

ያልሳቀው ጭቃ ሹሙ ብቻ ነው። ባርኔጣውን በሰው ፊት አውልቋል፣ ወደ አጥር ማዶ ሮጧል። መልሶ ደፋውና ወደ ዶባሞ ዞረ። እውነተኛ ሰው በመሆኑ እንደሚያከብረው፣ የአገሩ ደንብ ግን ያው እንደሆነ ነገረው። ለዛሬ እናድራለን፤ ነገ ጠዋት ሰዎች እኔን እስከ ሺንሺቾ ይሸከሙኛል። ወገን የሌለው ሰው እዚህ ምሰሶ አይተክልም። ዶባሞ ራሱን ነቀነቀ። ሩት እጄን ያዘች። እኔ ያን ጊዜ የዶባሞን ወንድም ቤት ጥግ፣ የምንተኛባትን ቦታ ሳይቀር አየኋት።

አማ ወርቄ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። እጇን ዘረጋችና ሰዎች አነሷት።

"ሄራሞ፣ እኔ ለማን ነው ያለቀስኩት?" አለችው።

"ተሳስተሽ ነዋ አማ።"

"አልተሳሳትኩም። 'ልጄን' ብዬ ፊቴን ቧጨርኩ፤ ይኸው ደሙ። ለባዳ ፊቷን የምትቧጭር ሴት በዚህ አገር አለች? ለመንገደኛ አለቀሰች ልትለኝ ነው? አንተስ 'እህቴን' ብለህ ጮኸህ የለም እንዴ? አገር ሰምቶሃል። ወይ እህትህ ናት፣ ወይ አንተ ለማታውቃት ሴት መሬት ላይ ተንከባለልክ። አንዱን ምረጥ።"

ጭቃ ሹሙ ዙሪያውን አየ። ሁሉም ሰምቶታል። በዚያ አገር ሰው ለወገኑ ያለቅሳል፤ ያለቀሰለትን ደግሞ ወገኔ አይደለም ሊል አይችልም። ተራ በተራ "እኔም ምራቴን ብያለሁ"፣ "እኔም አክስቴን" የሚል ተነሳ። ሰውየው ባርኔጣውን እንደገና አወለቀና ጭንቅላቱን አከከ።

"እንግዲያው ለቅሶ ከተጀመረ መቀመጥ አለ" አለ በመጨረሻ።

ተቀመጥን። ለቅሶ እንዲሁ አይበተንምና መንደሩ በአማ ወርቄ ጓሮ ለሦስት ቀን ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ እኔ እግሬን ዘርግቼ እንደ ሟች ቤተሰብ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" እባላለሁ፣ እኔም "አሜን" እላለሁ። ዶባሞ ያን ሁሉ የተቀመጠ ሰው ሲያገኝ ዝም አላለም። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ተነስቶ አይሄድም፤ ስብከቱ ሲረዝም የሚያመልጠው አልነበረም። ሲያልቅ አብዛኛው ሰው ወደ ሥራው ተመለሰ። አማ ወርቄ፣ ያ የጉድጓዱ ጎረምሳና የሚያስለው ልጅ እናት ቀሩ። ቤተ ክርስቲያኑ የተጀመረው በእነዚያ ነው። ምሰሶውን ሲያቆሙ ጭቃ ሹሙ ራሱ አንዱን ጫፍ ያዘ፤ ለማመን ግን ብዙ ዓመት ፈጀበት፤ የዚያ ቀን ሳቃችን ይመስለኛል ያቆየው።

እናንተ አንባቢዎች፣ ይህ ነገር በእኔ ምን ለወጠ ብትሉኝ፣ እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ለእነዚያ ሰዎች አንድ ነገር ይዘን የምንሄድ መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን ከእኛ ምንም ሳይሰሙ፣ ስሜን እንኳ ሳያውቁ፣ ፊታቸውን ቧጨሩልኝ። ከዚያ በኋላ ሰው ሲያለቅስ ሰምቼ ቆሜ ጠይቄ አላውቅም። አማ ወርቄ ያረፈች ዕለት እንደ ልጅ አለቀስኩላት፤ ማንም ልጇ አይደለሽም አላለኝም። ዶባሞም ውሎ አድሮ ስብከት አሳጠረ፤ እውነት በአጭሩም እንደሚነገር ያን ቀን አይቷል። በተረፈ ያው ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልተስተካከለም። ባለፈው እሁድ ከትምህርት ቤት አዲስ የወጣ ወጣት ወንጌላዊ መድረክ ላይ ቆሞ "ይህች ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተችው ከሞት በተነሱት እናታችን ነው" አለ። ተነስቼ ከአህያዋ እስከ ማንኮራፋቱ ሁሉንም ተናገርኩ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "አሜን" አለ። ስወጣ አንዲት ልጅ "አይ ትሕትና!" ብላ ጉልበቴን ሳመች።

አሁን አርጅቻለሁ። ሞቱን አልፈራውም፤ የምፈራው እነዚህን ሰዎች ነው። ትነሳለች ብለው መስክ ላይ አስቀምጠው ሲጠብቁኝ እንዳይውሉ። ስለዚህ የሞትኩ ዕለት በዚያ በኩል የምታልፉ ሁሉ አደራችሁን፣ ጆሯችሁን ወደ ቡልኮው ጠጋ አድርጋችሁ ስሙ። ካላንኮራፋሁ ቅበሩኝ።